ለሞዴሊንግ ምዝገባ ብር እንዳትከፍሉ፦ በልጄ የደረሰውን ስሙ

እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ።

ክረምት ላይ፣ ትምህርት እንደተዘጋ ነው። ስታዲየም አካባቢ ከልጄ ጋር ታክሲ ስንጠብቅ አንዲት ሽክ ያለች ወጣት መጣችና «እትዬ፣ ልጅዎ ቁመቷ ሲያምር! ሞዴል መሆን አለባት እኮ» አለችኝ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ቁመቷ ግን ከእኔ ይበልጣል። ቢሯቸው ሄድን። ግድግዳው ላይ የታዋቂዋ ሞዴል የሊያ ከበደ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። «እሷም ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው የተነሳችው» አሉን። አዲስ አበባ መወለዷ እውነት ነው። ከእነሱ ጋር ግን ምንም አያገናኛትም።

ለምዝገባ፣ ለካትዎክ (የመድረክ ላይ አካሄድ) ስልጠናና ለፖርትፎሊዮ (ለሥራ ማሳያ የሚሆን የፎቶ ስብስብ) ብለው 9,000 ብር ተቀበሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሲስተም የለም» ተባልኩ።

ለእንቁጣጣሽ ባዛር «ልምምድ ነው» ብለው ሀበሻ ቀሚስ እንድታሳይ ወሰዷት። ጠዋት 3 ሰዓት የወጣች ልጅ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። የጫማ ቁጥሯ 37 ነው። የሰጧት ባለ ታኮ ጫማ 40 ነበር፤ ጫፉ ላይ ሶፍት ጠቅጥቀው ነው ቀኑን ሙሉ ያስኬዷት። ካልሲዋን ስታወልቅ የተረከዟ ቆዳ አብሮ ተነሳ። ቀኑን ሙሉ የበላችው አንድ ሳምቡሳ ነው። ስለ ክፍያ ስጠይቅ «ገና ልምምድ ላይ ናት» አሉኝ። ባለ ልብሱ ግን በቀን ሂሳብ እንዳስከፈሉት ራሱ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የፈረምኩትን ወረቀት ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። እኔ 13 ብዬ የነገርኳቸውን ዕድሜ 18 ብለው ሞልተውታል። ለምን እንደሆነ ጠበቃ ጎረቤቴ አስረዳኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰ ወጣትም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያሠሩት አይችሉም። የፈረንሳይ ትልልቅ የፋሽን ኩባንያዎች፣ ኤልቪኤምኤችና ኬሪንግ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የአዋቂ ልብስ አስለብሰው ላለማሳየት እ.ኤ.አ. በ2017 ተስማምተዋል።

ደህና ኤጀንሲ ሞዴሏ ሠርታ ከተከፈላት ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል። ገና ሥራ ሳይመጣ ከእናንተ ኪስ ብር የሚጠይቅ ካለ እንጀራው እናንተ ናችሁ፣ ውጡ። ዕድሜዋን በራሳችሁ እጅ ጻፉ። የውሉን ኮፒ ሳትይዙ ከቢሮው እንዳትወጡ። ፎቶው የት፣ እስከ መቼ እንደሚሠራበት ይጻፍ። እኔ የፈረምኩት «ድርጅቱ በፈለገው መንገድ» ይላል። «እናት ውጭ ትጠብቅ» ካሉ ደግሞ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

በነገራችን ላይ፣ ቀሚሱን የሸመነውስ ማን ይሆን? ከጋሞ ደጋ እየመጡ አዲስ አበባ ውስጥ ሽመና የሚሠሩ ልጆች ጉዳይ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነው። አሁን ሀበሻ ቀሚስ ስገዛ ማን እንደሸመነው እጠይቃለሁ።

ብሬን አልመለሱልኝም። ለፖሊስ አመልክቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ልብስ ቤት በር ላይ የልጄን ፎቶ ተለጥፎ አየሁት። ቅንድቧን ተቀንድባ፣ ከንፈሯን ተቀብታ የ20 ዓመት ሴት ትመስላለች። እንዲያነሱት ለመንኳቸው። «ከኤጀንሲው ገዝተነው እኮ ነው» አሉኝ።