አዳማ ላይ ነፃ የመጠጥ ውሃ፦ ቦኖ፣ ጆግና ሮቶ

ሮም የለመድነው፣ መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈስ የመጠጥ ቧንቧ አዳማ ላይ አትጠብቁ። ያለው ቦኖ ነው፤ ቦኖ ደግሞ የተሠራው ለጀሪካን እንጂ ለመንገደኛ አይደለም። ቢሆንም ውሃው በቀጥታ ከመስመር ስለሚመጣ፣ ወረፋው ሲቀዳ ከቆየ በኋላ ጠርሙስ መሙላት ከብዙ ሆቴል ቧንቧ ይሻላል። ጠባቂዋን «እናቴ፣ ይቺን ልሙላት?» ብሎ ሳንቲም መስጠት ነው።

ጣጣው ውሃ ሄዶ ሲመጣ ነው። መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲጠፋ በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ቆሻሻ ይገባል፤ ሲመለስ ዝገቱን ጠራርጎ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ለእጥበት ተዉት።

ካፌ በጆግ የሚቀርበው ነፃ ነው። «እህቴ፣ ይሄ የመስመር ነው የሮቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጣሪያ ላይ በአዳማ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ሮቶ ክሎሪኑ ይተናል፤ ካልታጠበ ደግሞ ውስጡ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ይይዛል። በረኪና በረኪና የሚል ውሃ ሲያጋጥም ሰው ያማርራል፤ እኔ ግን ለብ ብሎ ምንም ከማይሸተው እሱን እመርጣለሁ።

ለተጠራጠራችሁት ውሃ አኳታብ (ውሃ ማከሚያ የክሎሪን እንክብል) ያዙ፦ ባለ 67 ሚሊግራሙ አንድ ፍሬ ለ20 ሊትር ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ አይጣልም። ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚበላው በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ከሆነ፣ ከተማዋ 2,000 ሜትር ከፍታ ስለማትደርስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከተንተከተከ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ለጀርም ነው፤ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ሌላ ነገር ነው። የከተማው መስመር ተጣርቶ የሚመጣ የአዋሽ ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ግን ፍሎራይድ ብዙ ጊዜ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ያልፋል፤ ወንጂ አካባቢ ጥርስ ያበለዘው ይኸው ነው። ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከረዋል። ክሎሪንም የሸክላ ማጣሪያም አይነኩትም። ለአዋቂ የጥቂት ሳምንት ጉብኝት አያሳስብም። ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ያሉ፣ ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ይዛችሁ የራሱ ጉድጓድ ያለው ቤት ረዘም ላለ ጊዜ ካረፋችሁ ግን የታሸገ ግዙላቸው፤ መለያው ላይ የፍሎራይዱን መጠን አንብቡ፣ የክዳኑም ቀለበት አለመበጠሱን እዩ።