ሐረር ያለው የሸሪፍ ሙዚየም እና እኔን ያቃጠለኝ ሌላው

ሐረር ለምትሄዱ ሁሉ፣ ጁገል (በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ) ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ሳታዩ እንዳትመለሱ። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የሬምቦን ቤት አይተን (የድሮ ሐረር ፎቶዎቹ ደስ ይላሉ) ልንሄድ ስንል አክስቴ ናት ይሄም ይታይ ያለችው፣ ከገባን በኋላ መውጣት አቃተን። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ መሰብሰብ የጀመሩት እቤታቸው ነው፣ በአገራችን የመጀመሪያው የግል ሙዚየም የሚባለው የሳቸው ነው፣ ክልሉ ይሄን ቤት የሰጣቸው በኋላ ነው። የሐረር አሚሮች ሳንቲም፣ ጎራዴው፣ ስፌቱ ሁሉ አለ፣ እኔ ግን ልቤ የቀረው ወረቀቱ ጋ ነው። ከሺህ በላይ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ቁርአኑ፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፈው ሐረሪኛ፣ ብዙውን የከተማው ሰው ከየቤቱ እያወጣ የሰጣቸው ነው። የተበጣጠሰውን እዛው ይጠግኑታል፣ በድሮው የሐረር አጠራረዝ ቆዳ ያለብሱታል። ጁገል በ1998 ዩኔስኮ ሲመዘገብ ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ ነው ብዙ የተወራው፣ ግንቡ ውስጥ ማን እንደኖረ የሚናገረው ግን ይሄ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ከሐረር በፊት አባቴ ያደገበት ከተማ ሄጄ ነበር፣ እዛም ትንሽ ሙዚየም አለ፣ ስሙን አልጽፍም። ቤተሰባችን ከዓመታት በፊት የአያቴን ፎቶዎችና የእድራቸውን መዝገብ ለታሪክ ይቀመጥ ብሎ አስረክቧቸዋል፣ እሱን ልይ ብዬ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ስልጠና ላይ ናት ተባለ፣ በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ከዛ ደብዳቤ አምጪ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ሳመጣ አይ የወረዳ ነው የሚያስፈልገው፣ እሺ ብዬ ያንንም አመጣሁ። በመጨረሻ ሲከፈትልኝ በውጭ ዜጋ ዋጋ ክፈይ አሉኝ! ቢጫ ካርዴን አሳየሁ፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994 እኮ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው በአገልግሎት በኩል እንደ ውጭ አገር ሰው አይቆጠርም ይላል፣ ልጁ «እኛ ጋ አይሠራም» ብሎኝ እርፍ። ለመግቢያ ከፈልኩ፣ ለካሜራ ሌላ፣ «ለፍለጋ» ደግሞ ሌላ፣ ደረሰኝ የቆረጡልኝ ለመግቢያው ብቻ።

ብሩስ ይሁን። የእድሩ መዝገብ በማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ዝናብ ነክቶት ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ልገልጠው ስል ይቀደዳል። ፎቶዎቹ ላይ ከየት እንደመጡ፣ እነማን እንደሆኑ አንድ ቃል አልተጻፈም። ከአያቴ ጎን የቆሙትን ሰዎች በስም የሚያውቋቸው ታላቅ አጎቴ ነበሩ፣ እሳቸውም አርፈዋል። ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ? እዛው ቆሜ አለቀስኩ።

እኔ የምኖርበት አገር የሰፈሩ ላይብረሪ ውስጥ ቅጽ ሞልተሽ ትቀመጫለሽ፣ ሳጥኑን ያመጡልሻል፣ የማታውቂያቸው ሰዎች የሠርግ ፎቶ እንኳን ከነስማቸው ተጽፎ አለ፣ የምትከፍዪው ነገር የለም። እነሱ ገንዘብ ስላላቸው ነው እንዳልል ሐረርን አየሁ፣ አንድ ሰው እቤቱ የጀመረው ነገር እዚህ ደርሷል።

ስለዚህ የቤተሰብ ፎቶ ለሙዚየም ልትሰጡ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ትልልቆቹ ፊት ዘርግታችሁ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምህረቱን ጠይቁ፣ ሲያወሩ በስልካችሁ ቅዱ። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ በፎቶው ፊት በኩል ይወጣል፣ በለስላሳ እርሳስ ጠርዙ ላይ ሳትጫኑ ይሁን። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ፣ በኋላ መጠገን አይቻልም። ከማስረከባችሁ በፊት ሁሉንም ስካን አድርጉ፣ ስጦታ ይሁን ውሰት፣ ቤተሰብ ሲመጣ በነፃ ያያል ወይስ አያይም የሚል ወረቀት ከነዝርዝሩ ይፈረም፣ ማህተም ይመታበት። ካልፈረሙላችሁ ኮፒውን ስጧቸው፣ ዋናውን ይዛችሁ ተመለሱ።