ቱዋ ወይስ ትራቪስ፦ የማን ጉዳት ቡድኑን ይበልጥ ጎዳ?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚደረገው ጨዋታ)፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ አቀባይ) ቱዋ ታጎቫይሎአ በ2019 ቁርጭምጭሚቱን ቀዶ ጥገና አድርጎ በሦስት ሳምንት ተመለሰ። ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ላይ አራት ተችዳውን (ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ ጎል) ቢያቀብልም 46 ለ 41 ተሸነፉ። በሳምንቱ ሚሲሲፒ ስቴትን 35 ለ 7 እየመሩ፣ ወጥቶ ማረፍ ሲችል፣ ዳሌው ወለቀና የውድድር ዓመቱ እዚያው አበቃ (ለምን እንዳላስወጡት አሁንም አይገባኝም!)። ቡድኑም በኦበርን ተሸንፎ ከፕሌይኦፍ (በወቅቱ አራት ቡድኖች ብቻ ለአገር አቀፉ ሻምፒዮንነት ይጫወቱበት ከነበረው ውድድር) ቀረ።

የፍሎሪዳ ስቴቱ ጆርዳን ትራቪስስ? በ2023 ኖቬምበር ላይ እግሩ ተጎዳ። ቡድኑ ያለ እሱም የቀሩትን ጨዋታዎች አሸንፎ፣ በ13 ጨዋታ አንዴም ሳይሸነፍ የኤሲሲን (የሚወዳደርበትን ምድብ) ዋንጫ ወሰደ። ለፕሌይኦፍ የሚገቡትን የሚመርጠው ኮሚቴ ግን ያለ ትራቪስ ቡድኑ እንደ በፊቱ አይደለም ብሎ ከአራቱ ውጭ አደረገው፣ ከገቡት አንዱ ደግሞ አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ነው። ትራቪስም ቡድኑ ያለ እኔም ጎበዝ መሆኑን እንድታዩ እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ እስከማለት ደረሰ። ለእኔ የትራቪስ ይብሳል፤ አላባማ በ2019 የቀረው ሜዳ ላይ ተሸንፎ ነው።