ከተፈጥሯዊው ዱቄት ወደ መርፌው፦ ቡችላዬን ቤት ድረስ ስላስከተብኩበት አገልግሎት

ስለ ሁለት ነገር ነው የምጽፈው። አንዱ በቴሌግራም የገዛሁት "ተፈጥሯዊ የቡችላ መከላከያ" የተባለ ዱቄት ነው። ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የሚከትብ የእንስሳት ሐኪም ነው። የሻጩን ስም አልጠራም። ሐኪሙም "ስልኬን የትም እንዳትለጥፊ፣ ብቻዬን ነኝ፣ አልደርስም" ስላለኝ የእሱንም ትቼዋለሁ። ለዱቄቱ ከአምስት ኮከብ አንድም አልሰጥም። ለሐኪሙ አራት።

ከመጀመሪያው ቡችላዬ ከቦቢ ልጀምር። ቦቢን የገዛሁት ከመንገድ ዳር ነው። ሰውየው "ሁለት ወር ሞልቶታል" አለኝ፣ አመንኩት። ክትባት ላስከትበው እያሰብኩ ሳለ ያ ማስታወቂያ መጣ። ክትባት ኬሚካል ነው፣ የቡችላውን የራሱን አቅም ያዳክማል፣ ይህ ዱቄት ግን ከውስጥ ያጠነክረዋል ይላል። እኔ ሆዴን ሲቆርጠኝ ጤና አዳም፣ ምች ሲመታኝ ዳማከሴ እየተደረገልኝ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ወሬው ቶሎ ልቤ ውስጥ ገባ። ዱቄቱ ቡናማ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱት የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይመታችኋል። ዕቃው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል እንጂ ምን ከምን እንደተቀላቀለ አልተጻፈም፣ ቀንም የለውም። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ በወተት ነበር የምሰጠው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንድ ጠዋት ቦቢ ውሃ ሳህኑ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ አገኘሁት። አፍንጫው ውሃውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፣ ግን አይጠጣም። ዝም ብሎ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ማስመለስ ጀመረ፣ ማታ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከቤቱ ወጥቶ እንኳ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ግሉኮስ ተተከለለት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ፓርቮ ነው አሉኝ፣ የውሾችን አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ለሻጩ ስጽፍለት "መጠኑን ቀንሰሽ ሰጥተሽው ይሆናል" ብሎ ብሎክ አደረገኝ።

ፍርዴን ላስተካክል። ቦቢን የገደለው ፓርቮ ነው። ዱቄቱ ያደረገው እኔን ማዘናጋት ነው፣ እና በእነዚያ ቀናት መዘናጋት ይበቃ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እንኳን ለቡችላ ለትልቅ ውሻም አይሆንም። ልክ እንደ ቀይ ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ትል ያስወጣል እያላችሁ የምትሰጡ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። የትል መድኃኒት አለ፣ ውድም አይደለም።

አሁን ወደ ሐኪሙ። ሁለተኛውን ቡችላ፣ መቻልን፣ ስናመጣ ስልኩን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤት የሚመጣ የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። ያልተከተበ ቡችላ ይዞ የታመሙ ውሾች በተኙበት ወለል ላይ ተራ መጠበቅ ከቦቢ በኋላ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ያደረገው መርፌ ማውጣት አልነበረም። መቻልን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ። "ሁለት ወር ሞልቶታል ብለውሽ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "አልሞላውም፣ ቢበዛ ሰባት ሳምንት ቢሆነው ነው።" ሰገራው ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ትል አለበት ብሎ የትል መድኃኒት በአፉ ሰጥቶት ሄደ። የዚያን ቀን አልከተበም። "በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ አሁን ይብላ፣ ይተኛ" አለኝ። ገንዘብ ፈላጊ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ወግቶ ይሄድ ነበር። እዚህ ላይ አመንኩት።

በሳምንቱ ሲመጣ ትንሽ የበረዶ ሳጥን ይዞ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡ ያለውን ቴርሞሜትር ሳልጠይቀው አሳየኝ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ክትባቱ ከሞቀ፣ ውሃ እንደ መውጋት ነው አለ። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። የትም ብታስከትቡ ጠይቁ፦ መብራት ሲሄድ ፍሪጃችሁ ምን ይሆናል በሉ። ብልቃጦቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ውስጥ ደርቆ ታች የተጣበቀ ነጭ እንክብል የመሰለ ነገር አለ፣ ሁለተኛው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹን ወደ ደረቁ ሲጨምረው ወዲያው ሟሟ። ወጋው። መቻል ድምፅም አላሰማ። ከዚያ ከብልቃጡ ላይ ተለጣፊውን ልጦ የመቻል የክትባት ደብተር ላይ ለጠፈው፣ ቁጥሩና ማብቂያ ቀኑ ያለበትን ማለት ነው። ሊሄድ ነው ስል ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ አለ። ፊቱ ካበጠ ወይም ካስመለሰ ብሎ ነው። ምንም አልሆነም፣ ከሰዓቱን ሙሉ ተኛ እንጂ።

በዚያች ሃያ ደቂቃ ሻይ እየጠጣን የዱቄቱን ነገር አወራሁለት። አልሳቀብኝም። "ተፈጥሯዊ መከላከያ ከፈለግሽ አለ፣ እንገር ይባላል" አለኝ። ላም ስትወልድ የምናውቀው እንገር ውሻም አላት። ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው ያ ወተት ከእናቱ የመከላከያ አቅም ይዞ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ አንጀቱ ይዘጋል፣ አያስገባም። እናትየዋ ራሷ ካልተከተበች ወይም በሽታውን አሸንፋ ካላለፈች ግን የምትሰጠው ነገር የላትም።

ቀጥሎ ያለውን ነው እኔ ጨርሶ የማላውቀው። የእናትየው መከላከያ ልጁ ሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ክትባቱንም ይመታዋል። ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ግን ለእያንዳንዱ ቡችላ ቀኑ ይለያያል፣ አንዱ በስምንት ሳምንት ያልቅበታል፣ ሌላው እስከ አስራ ስድስት ሊቆይ ይችላል፣ በመሃል ደግሞ በሽታውን ለመመለስ የማይበቃ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን የሚበቃ ሆኖ የሚቆይባቸው ሳምንታት አሉ። ቡችሎች የሚሞቱት እዚያ መሃል ነው። ደጋግሞ የሚወጋው ለዚህ ነው። እኔ ሦስት መርፌ የሐኪም ገንዘብ መሰብሰቢያ ይመስለኝ ነበር። መቻል በስምንት፣ በአስራ ሁለትና በአስራ ስድስት ሳምንቱ ተወጋ፣ ሁለተኛው ላይ የእብድ ውሻው ተጨመረ። ከሁሉም መዝለል የሌለበት የአስራ ስድስት ሳምንቱ ነው። "አንዴ ተከትቧል፣ ይበቃዋል" የምትሉ ይህቺን ያዙልኝ።

ክትባት ይበዛል ብለው የሚሰጉ ሰዎችን ግን አልነቅፍም፣ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሐኪሙንም ጠየቅኩት። የዓለም አነስተኛ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት የፓርቮና የዲስተምፐሩ (ሌላው ገዳይ የውሾች ቫይረስ) ክትባት ቡችላው 26 ሳምንት ሲሆነው አንድ ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ መደጋገም አያስፈልግም። በደም ምርመራ መከላከያው መኖሩን ማየትም ይቻላል። የእብድ ውሻው ግን በብልቃጡ ላይ በተጻፈው ጊዜ ይሰጣል፣ ለእሱ ድርድር የለም አለኝ።

ጎረቤቴ እትዬ አልዋጠላቸውም። "አንቺ ልጅ፣ የኛ ውሾች መች ተከትበው አደጉ?" አሉኝ። እኔም "እትዬ፣ ያቺ ውሻዎ ስንት ወልዳ ስንት አደጉ?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሰባት ወልዳ ሁለት" አሉ። አምስቱን ማንም አይቆጥራቸውም። እብድ ውሻ ላይ ደግሞ ጠንካራ ውሻ ደካማ ውሻ የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ አይዳንም፣ ሰውም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞታል ይላል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ፣ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። እኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ አራት ልጆች አሉ።

ሐኪሙን የወደድኩበት ሌላ ነገር ምግብንና እንክብካቤን አለመናቁ ነው። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ቤት ቆልፈሽ አታሳድጊው፣ ይፈራል አለኝ። መሬት ሳታስነኪው ታቅፈሽ ሰው፣ መኪና፣ ታክሲ አሳዪው። በነጠላ አዝዬው ሱቅ ድረስ እሄድ ነበር፣ የሰፈር ልጆች ተከትለውን። ግቢውንም ነገረኝ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለብዙ ወራት ይቆያል፣ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል፣ በተራ ሳሙና አይሞትም። ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩ፣ ከዚያ በረኪና በውሃ በጥብጬ አፈሰስኩበት፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም። የቦቢን ጨርቅና ሳህን ጣልኩ። አፈሩን ምንም ማድረግ ስለማይቻል መቻል ክትባቱን እስኪጨርስ እዚያ አልረገጠም።

አንዷን ኮከብ ያስቀነሰችው ቀጠሮ ናት። ሁለተኛው ቀን ሁለት ሰዓት አርፍዶ መጣ፣ አልደወለም፣ እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነው የምጠብቀው። ስልክ ሲደወልለት ብዙ ጊዜ አያነሳም። ቀን ደርሷል ብሎ የሚያስታውስ የለም፣ ደብተሩ ላይ ደግሞ ቀኑ በፈረንጅ ነው የተጻፈው፣ ራሴ ወደ ኢትዮጵያ መልሼ ግድግዳው ካላንደር ላይ አከበብኩት። ዋጋውም ከክሊኒክ ከፍ ይላል፣ የመምጫው ለብቻ ይታሰባል።

ለዋጋው እኛ መላ አግኝተናል። ለአስራ ስድስት ሳምንቱ ክትባት ሲመጣ ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶች ሁለት ቡችሎቻቸውን ይዘው እኛ በረንዳ ላይ ጠበቁት፣ የመምጫውን ተካፈልነው። እትዬም በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ያቺን እናት ውሻ በገመድ ይዘው መጡ። እሷ የእብድ ውሻውን ተወጋች። መቻል አሁን አምስት ወሩ ነው፣ የ26 ሳምንቱ ቀን ካላንደሩ ላይ በቀይ ተከቧል።