ያቺን ወርቃማ ሾጣጣ ሪመር እንዳትገዙ

ጫፏ ቀጥኖ ወደ ላይ እየሰፋች የምትሄድ፣ ወርቃማ ቀለም ያላት፣ አናቷ ላይ አግዳሚ እጀታ የገባላት ሪመር፣ ማለትም የተበሳ ቀዳዳ ማስፊያ፣ ሱቅ ውስጥ ተሰቅላ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ሻከር ቢል ይቅርታ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ገና እግርህ በሩን ሳይሻገር «አለቃ፣ ምን ልስጥህ?» የሚለው ልጅ ነው። የያዘው ዕቃ ሁሉ ኦርጅናል ነው። የሚያሳይበት መንገድም ያው የምታውቁት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ቁራጭ አልሙኒየም ላሜራ ያወጣል፣ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካታል፣ ሁለት ሦስቴ ያዞራታል፣ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ይረግፋል። «አየህ?» ይላል። አየሁ። አልሙኒየምን ምን የማይፍቀው አለ?

የፈለግኳት ለቀላል ሥራ ነበር። 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ተራ ብረት ላይ የተበሱ የ10 ሚሊ ቀዳዳዎችን ወደ 13 ማስፋት። ይሄን በትልቅ ፑንታ (በድሪል መብሻ) የሞከረ ሰው መከራውን ያውቃል። መሃሉ ቀድሞ የተበሳ ስለሆነ የፑንታው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ጠርዙን ይነክስና ላሜራውን ከእጅህ ይነጥቃል፤ ቀዳዳውንም ሦስት ማዕዘን አድርጎት ይወጣል። ሾጣጣ ሪመር ግን ራሷ መሃሉን ትይዛለች። ዘይት ጠብ ታደርጋለህ፣ ትንሽ እየተጫንክ ቀስ ብለህ ታዞራለህ፣ የፈለግከው ስፋት ላይ ስትደርስ ትተዋለህ። ቀዳዳው በአንድ ጎን ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ይላል፤ ስስ ላሜራ ላይ ግን አያሳስብም። ወፈር ካለ ከሁለቱም ጎን ማስገባት ነው። የእኔዋ በእጅ ብቻ የምትዞር ነች። ይሄን ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ጥቂት ዞረች። ትንሽ ፋቀችና መንሸራተት ጀመረች። የቀዳዳው ከንፈር መቆረጡን ትቶ እንደ መስታወት ይወለወል ጀመር። አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳያት ወርቁ ከጥርሶቹ ጫፍ ተልጧል፣ ሥሩ ግራጫ ብረት ነው፤ ስለት መሆን የነበረበት ጠርዝ ደግሞ ወደ ጎን ተኝቷል። ተሸራርፎ ቢሆን እንኳ በተሻለ። የጠነከረ ብረት ይሸራረፋል፤ የሚተኛው ለስላሳው ነው።

ማሸጊያው ላይ «ኤችኤስኤስ 6542» ተብሎ ተጽፏል። ኤችኤስኤስ ቢግልም ቶሎ የማይለሰልስ የመቁረጫ ብረት ነው። ይሄ ቁጥር ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። ብረቱ ውስጥ ተንግስተን 6 በመቶ፣ ሞሊብዲነም 5፣ ክሮሚየም 4፣ ቫናዲየም 2 በመቶ ግድም አለ ማለት ነው። ያ ወርቃማ ነገር ደግሞ ታይታኒየም ናይትራይድ የሚባል፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ የሆነ ሽፋን ነው፤ ያውም የእኔዋ ላይ እውነተኛው ከተቀባ። ጥሩ ስለት ላይ ሲደረግ ዕድሜውን ይጨምርለታል። ከሥሩ ያለው ብረት የማይረባ ከሆነ ግን ምን ሊያደርግለት?

ይዤያት ተመለስኩ። ያናደደኝ ነገር እዚህ ጋ ነው።

ልጁ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየት አደረጋት። ቀና እንኳን ሳይል፦

«በድሪል አቃጥለሃታል» አለኝ።

በድሪል! ሪመሯ እኮ የድሪል አፍ የሚይዘው እግር የላትም። አናቷ ላይ ያለው አግዳሚ ዘንግ ነው። በየትኛው ድሪል ልግጠማት? ይሄንኑ ነገርኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንግዲያው ጉልበት አብዝተህባታል» አለ። ከድሪል ወደ ጡንቻ በአንድ ትንፋሽ ተሻገረ። ብትቃጠል እኮ ብረቷ ላይ ሰማያዊ ነገር ይታይ ነበር። ደግሞም እውነተኛ ኤችኤስኤስ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪጠጋ ድረስ ጥንካሬውን አይለቅም። በእጁ አዙሮ እዚያ የሚያደርሳት ሰው ካለ ሪመርም አያስፈልገው፣ ቀዳዳውን በጣቱ ያስፋው።

ከኋላው ሞረዶች ተሰቅለዋል። አንዱን አቀብለኝ አልኩት። የምገዛ መስሎት ሰጠኝ። ብረት ያልነካውን፣ ሰፊው ጫፍ ጋ ያለውን ጥርስ በሞረዱ ነካ አደረግኩት። በደንብ የተጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፤ ጥንካሬያቸው ተቀራራቢ ነው። ይሄኛው ላይ ግን ነከሰ። ክርር አለና የብረት ብናኝ መስታወቱ ላይ ተበተነ። «ይኸው» አልኩት።

ብናኙን አየው። በመዳፉ ጠረግ አደረገና ወለሉ ላይ አራገፈው። ከዚያ ሞረዱን ከእጄ ተቀብሎ፣ አገላብጦ አይቶ፣ መልሶ ፊቴ አስቀመጠው።

«ሞረዱን ተጠቅመህበታል። ያንተ ነው።»

አጠገቡ የነበረው ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ዕቃ ላስመልስ ሄጄ ሌላ ዕቃ ሊሸጡልኝ! ሙድ እየያዙብኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ነገሩን እስከ ጥጉ ልይ ብዬ «ከዚያው ካርቶን ሌላ አውጣና እሷንም እንፈትን» አልኩት። የካርቶኑን ክዳን አጠፈና ክንዱን አስደገፈበት። ብድግ ብሎ እንኳን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ወንድሜ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን አየ። ሌላ ሰው ገብቶ ኖሯል።

«አለቃ፣ ምን ልስጥህ?»

ሞረዱን አልገዛሁም። ገንዘቤም አልተመለሰም። ሪመሯ አሁን ለፕላስቲክ ሳጥን ካልሆነ ለሌላ አትሆንም፤ የቀሩትን ቀዳዳዎች በክብ ሞረድ እየታገልኳቸው ነው።

የግድ መግዛት ካለባችሁ ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንዱን ጥርስ ሰፊው ጫፍ ጋ ንኩት። ጥርስ የሌለበትን አንገቷን አይደለም፤ አንገት ለስላሳ ሊሆን ይችላል፣ ጥፋት የለውም። ማሳያውን አልሙኒየም ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ያሳያችሁ፤ ወፈር ያለ ብረት። ደህናዋን ካገኛችሁ ደግሞ ስታወጧትም ቢሆን ወደ ኋላ አታዙሯት፤ ፍቅፋቂው ከጥርሱ ጀርባ ገብቶ ስለቱን ይበላዋል።