ጥንቃቄ፦ ጣና ዳር «ጂኦተርማል ፓይል» የሚል ውል ለቀረበላችሁ

«መሠረቱ ውስጥ ቱቦ እንቀብርላችኋለን፣ ከመሬት ነፃ ኃይል ታገኛላችሁ» ለሚላችሁ ሰው ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። ቴክኖሎጂው አለ፤ የሚሸጡላችሁ ግን ሌላ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ጂኦተርማል ጣቢያ ላይ ለመብራት ማመንጫ የሚሆነው እንፋሎት ከ2,000 ሜትር በላይ ተቆፍሮ ይወጣል። ፓይል፣ ማለትም ቤቱን ለመሸከም መሬት ውስጥ የሚተከል የኮንክሪት ምሰሶ፣ መብራት አያመነጭም። ፌሮው ላይ በታሰረ የፕላስቲክ ቱቦ ውኃ እየዞረ የቤቱን ሙቀት ወደ አፈሩ ይወስዳል፤ ለዚያም ሂት ፓምፕ (ሙቀት የሚያሸጋግር ማሽን) ይፈልጋል፣ ፓምፑም ቆጣሪ ያስቆጥራል።

ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ሜትር ፓይል ከ20 እስከ 60 ዋት ገደማ ያስተላልፋል። ባሕር ዳር ብዙ ቦታ ከጥቁር አፈሩ ሥር ባዛልት ቶሎ ይገኛል። አለቱ 6 ሜትር ላይ ከሆነ አንድ ፓይል በ50 ዋት ሒሳብ 300 ዋት ነው። ባለ 9,000 ቢቲዩ የአንድ መኝታ ቤት ማቀዝቀዣ የሚያስወጣው ሙቀት 3,200 ዋት ያህል ስለሆነ ለአንድ ክፍል 11 ፓይል ሊሆን ነው! ጂ ፕላስ ዋን ቤትማ አለት ቅርብ ከሆነ ፓይል ራሱ ላያስፈልገው ይችላል። የማያስፈልግ ፓይል ሸጠው ቱቦውን «በነፃ» ይመርቁላችኋል።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ብርድ ባለበት አገር በበጋ የገባው ሙቀት በብርዱ ወራት ቤት ለማሞቅ ተመልሶ ይወጣል። እዚህ ቤት የሚያሞቅ የለም፤ ሙቀቱ ወደ መሬት ብቻ ይገባል። አፈሩ በየዓመቱ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣውም ይደክማል። ፓይሉም ይለጠጣል፦ 20 ሜትር ፓይል በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የሚይዘው ከሌለ፣ 2 ሚሊሜትር ያድጋል። ታቹ አለት፣ ላዩ ግሬድ ቢም (የፓይሎቹን አናት የሚያያይዘው የኮንክሪት ቢም) ከያዘው ደግሞ መለጠጡ ቀርቶ እስከ 3 ሜጋፓስካል የሚደርስ ተጨማሪ ጫና ኮንክሪቱ ላይ ያርፋል። ስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ ፓይል አሙቀው የለኩ መሐንዲሶችም የጭነቱን መጨመር አይተዋል። ከፓይሎቹ ከፊሎቹ ሞቀው ከፊሎቹ ከቀዘቀዙ ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የአፈር ምርመራውን ብቻ ሳይሆን የሙቀት ጭነት የተካተተበትን፣ መሐንዲሱ የፈረመበትን የመሠረት ስሌት ጠይቁ። «አታስቡ» ካሏችሁ ንግግሩን እዚያው ጨርሱ።

ቱቦው በብዛት የሚበላሸው የፓይሉ የላይኛው ጫፍ በጃክ ሃመር ሲፈርስ ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ውስጥ ያለው አይጠገንም። ቱቦው እንደማያፈስ ለማየት የግፊት ንባብ ሦስት ጊዜ ይወሰድ፦ ፌሮው ላይ እንደታሰረ፣ ኮንክሪት ሲሞላ (ቱቦው በግፊት ላይ ሆኖ)፣ ጫፉ ከፈረሰ በኋላ።

የፈረማችሁ ካላችሁ፣ በስሌት የተሠራ ፓይል ቱቦው ባይሠራም መሠረትነቱ አይቀርም። የመጨረሻውን ክፍያ እስከ ሦስተኛው ንባብ ያዙት፤ የሚያፈስ ቱቦ ካለ በቀጭን የሲሚንቶ ልውስ ተሞልቶ ይዘጋ። ለክፍሉ ፋን ግዙ።