ሆቴልና ሆስፒታል የአንድ እናት ልጆች ናቸው

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ሜትሮ ውስጥ «ኦቴል ደ ቪል» የሚል ፌርማታ አየሁ። የሆቴል ክፍል አጽጂ ነኝ፤ ያኔ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ሮጥ ብዬ ወረድኩ። ሕንፃው ግዙፍ ነው፤ ደስ አለኝ። ሲቪዬን አውጥቼ በሩ ላይ ለቆመው ጥበቃ «ክፍል አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ» አልኩት። ሰውየው ሳቁን መያዝ አቃተው። ለካ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን የጨረስኩትን የቅዳሜ ኮርስ ልገመግምላችሁ ብዬ ነው። የሚያስተምረው አንድ የሰፈር ማኅበር ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። 10 ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት፣ ዋጋው 60 ዩሮ። የኮርሱ ጉዳይ ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ መንትያ የፈረንሳይኛ ቃላትና የቀለም አከፋፈላቸው ነው። ቀለም ያልኩት ክፍለ ቃልን ነው፤ ገጣሚዎቻችን ስንኝ ሲለኩ የሚቆጥሩትን። እውነቱን ልናገር፣ የተመዘገብኩት ርካሽ ስለሆነና ሰዓቱ ስለተመቸኝ ብቻ ነበር።

አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሁላችንም «ማዳም» እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን ሰላም ብለው ሳይጨርሱ ሰሌዳው ላይ አንድ የላቲን ቃል ጻፉ፦ ሆስ-ፒ-ታ-ሌም። አራት ቀለም ነው። «ድምፁ የሚበረታው ታ ላይ ነው» አሉና ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱት። ከታ በፊት ያለችው ፒ ደካማ ናት። ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲናገራት ሲናገራት ዋጣት። ኤስም ቀስ በቀስ ከአፍ ጠፋች፤ ኦ ፊደል አናት ላይ የተቀመጠችው የኮፍያ ምልክት (ô) የእሷ መታሰቢያ ናት። የቀረው ኦ-ቴል፣ ማለትም ሆቴል ነው፣ ሁለት ቀለም። ኋላ ሊቃውንቱ ያንኑ ቃል ከላቲን መጻሕፍት ቀጥታ ቀዱት፤ ኦ-ፒ-ታል፣ ማለትም ሆስፒታል ሆነ፣ ሦስት ቀለም። አንዱ በሰው አፍ ሲንከባለል የኖረ፣ ሌላው ከመጽሐፍ የወጣ። እናታቸው ግን አንዲት ናት፤ እንግዳ መቀበል።

እኔ ግን ወዲያው ሐሳቤ ወደ ሮን ወንዝ ዳር ሄደ። በየጠዋቱ አውቶብሴ በ«ግራን ኦቴል ዲዩ» በኩል ያልፋል። ኦቴል ይባል እንጂ ለዘመናት ሆስፒታል ነበር። ደራሲውና ሐኪሙ ራብሌ እ.ኤ.አ. በ1532 እዚያ በሽተኛ ያክም ነበር። በ2010 ሆስፒታልነቱ አበቃ። አሁን ሱቅና ምግብ ቤት ሞልቶበታል፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ውስጡ ባለአምስት ኮከብ ሆቴል አለ። በሽተኛ የተኛበት ቤት ዛሬ ሀብታም ያድርበታል። ስሙን መቀየር እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስኪደርስ ይቸኩለኝ ጀመር። ፍራዢል እና ፍሬል፤ ሁለቱም ተሰባሪ፣ ደካማ ማለት ናቸው። ናቪጌ እና ናዤ፤ አንዱ በመርከብ መጓዝ፣ አንዱ መዋኘት። ሊቤሬ እና ሊቭሬ ሲመጣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው ነፃ ማውጣት ነው፣ ሁለተኛው ዕቃ ማድረስ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ በብስክሌት ምግብ ያደርሳል፤ «ሌሊቱን ሙሉ ሳደርስ አድራለሁ፣ ነፃ ግን አልወጣሁም» አለ። እኔን የነካኝ ሴፓሬ እና ሰቭሬ ነው። ሴፓሬ መለየት ነው። ሰቭሬ ደግሞ ጡት ማስጣል። ሁለት ልጅ ጡት ያስጣለች ሰው ይህን መዝገበ ቃላት አያስፈልጋትም። ሚኒስቴርም የማን መንትያ እንደሆነ ተማርኩ፤ የሜትዬ፣ የሙያ። አገር ቤት በየሚኒስቴሩ ደጅ ለጠናን ሰዎች ጥሩ ወሬ ነው።

እኛስ ብዬ አሰብኩ። ራስ እንላለን፣ ርእስም እንላለን። ሰው እንላለን፣ ሰብአዊም እንላለን። አንዱ የጓዳ፣ ሌላው ከግዕዝ የመጣ የመጽሐፍ ቃል። ስጠቀምባቸው ኖሬ አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው አላውቅም።

አከፋፈሉ የደረቀ ትምህርት ይመስላል፤ ግን ገንዘቤን ያስመለሰልኝ እሱ ነው። ሕጉ አጭር ነው። በሁለት አናባቢ መሀል አንድ ተነባቢ ካለ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሁለት ከሆኑ ይካፈላሉ፣ ማስ-ቲ-ኬ። ሁለተኛው ኤል ወይም ኤር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነጣጠሉም፣ ሊ-ቭሬ። ይኼ ለምን ይጠቅማል? ጭረቷን፣ ፊደሏ አናት ላይ የምትሰመረውን (é)፣ ለማወቅ። ሊ-ቤ-ሬ ላይ መሀለኛዋ ቀለም በኧ ፊደል (e) ስለምታልቅና ኤ ተብላ ስለምትነበብ ከላይ ጭረት ይደረግላታል። ሬስ-ቴ ላይ ግን የመጀመሪያዋን ቀለም ኤስ ዘግቷታል፤ ስለዚህ ጭረት የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጭረቶቹን እንደ በርበሬ ስበትን ነበር። አሁን ቃሉን በጣቴ ቆርጬ አያለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ 19 ሰው ታጭቆበታል። የሚታደለው ወረቀት ፎቶኮፒው የደበዘዘ ነው። ስለ ጭረትና ስለ ኮፍያ የሚያስተምር ወረቀት ላይ ጭረቱም ኮፍያውም አይታይም! ስልኬን አብርቼ ነበር የማነበው።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ማዳም በጽሑፍ የሚከፈለውንና በጆሮ የሚሰማውን አይለዩልንም። ፍሬል ወረቀቱ ላይ ሁለት ተብሎ ተከፍሏል። በጭብጨባ ስንቆጥረው አንድ ነው። ግማሹ ክፍል አንድ ጊዜ አጨበጨበ፣ ግማሹ ሁለት። ማንም ሳያስረዳን ወደሚቀጥለው ታለፈ።

የፈታችልኝ ልጄ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል። የንባብ መጽሐፏ ቀለሞቹን አንዷን በሰማያዊ፣ ቀጣይዋን በቀይ እያፈራረቀ ያትማል። ቀለም በቀለም ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። የማይነበበው ፊደል ደግሞ ግራጫ ነው። ወረቀቴን አየችና «እማ፣ የመጨረሻዋ እኮ ዝም ብላለች፤ አንዴ ብቻ አጨብጭቢ» አለችኝ። ያኔ በራልኝ። የእኛ ሳድስ ናት! ፍሬል ብለን ስንጽፍ ል ትጻፋለች፣ ግን የራሷ አናባቢ የላትም፣ ከሬ ጋር ተለጥፋ ታልፋለች። ፊደል የቆጠረ ሐበሻ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የማርሴይ ተወላጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ግን መጨረሻዋን «ፍሬለ» ብላ በደንብ ታሰማታለች። ለደቡቦቹ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብም ስህተት አይደለም።

በማግስቱ ቅዳሜ ለማዳም ነገርኳቸው። አላፈሩበትም። ጠመኔውን ሰጡኝና በአማርኛ እንድጽፈው ጠየቁኝ፤ ሁሉም ደብተሩ ላይ ፍሬልን በእኛ ፊደል ገለበጠ። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ጨምሬላቸዋለሁ።

አንድ ዕዳ ግን አለባቸው። «ከአፍ የመጣው ያጥራል፣ ከመጽሐፍ የመጣው ይረዝማል» ብለውን ነበር። ታዲያ ፕዋዞንና ፖስዮንስ? መርዝና የሚጠጣ መድኃኒት፣ እናታቸው አንድ፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት ቀለም። ኤኩቴና ኦስኩልቴም እኩል ሦስት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ማዳመጥ፣ ሌላው ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ። ስጠይቃቸው «በሚቀጥለው ሳምንት» አሉ። ሳምንቱ አልመጣም።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ። ገና ቦንዡር ለሚጀምር ሰው አይሆንም፤ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ። እየተናገራችሁ ስትጽፉ ለምትሰናከሉ ግን ሂዱ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ከመብራቱ ሥር ያለውን ወንበር ያዙ፣ በተለይ መነጽር የምታደርጉ። ለመስከረሙ ዙር እኔም ስሜን አስይዣለሁ፤ የፕዋዞንን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ነው የማነሳው።